ሁለት መዘውር፣ አንድ ሮቶ

ኮምፒውተር እንደሚገምት የነገረችኝ የልጄ የጀማል ልጅ ሰሚራ ናት። ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔ ግምት የኛ ያልተማርነው ሰዎች ሙያ ይመስለኝ ነበር። የተማረ ያሰላል፣ ያልተማረ ይገምታል፤ ዓለም እንዲህ ተካፍላ ተቀምጣለች ብዬ ነው ያረጀሁት። ለካስ ያ ሁሉ ቁልፍ የተደረደረበት ዕቃ ነገር ሲከብደው እንደኔው «እስቲ ይህን ያህል ይሆን እንዴ?» ብሎ ይጀምራል። ወላሂ፣ መጀመሪያ ስሰማው አዘንኩለት። ኋላ ደግሞ ወደድኩት።

ነገሩ የመጣው ከቧንቧ ነው።

የኔንና የጎረቤቴን የአዴ ዘሃራን ግቢ የሚለየው አንድ ግንብ ነው። ግንቡ መሐል ላይ በር አለ። በር ስላችሁ መዝጊያና ቁልፍ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። የከፈተችው ባለቤቴ፣ አላህ ይርሀማትና፣ ከአዴ ዘሃራ ጋር ሆና ነው። ቀፊራ ገበያ ውዬ ስመለስ ግንቡ ተንዶ ሁለቱ አቧራ ለብሰው ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠዋል። «ምንድነው ይሄ?» ብል፣ «ዙሪያውን መዞር ሰለቸን» አሉኝ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ጨው፣ ወሬ፣ ልጅ፣ ዶሮ፣ ሁሉም በዚያ ነው የሚተላለፈው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ የኔ ምሳ። ሰው «ብቻህን ነው የምትበላው?» ሲለኝ «ኧረ በበሩ በኩል ነው የምበላው» እላለሁ፤ የገባው ይገባዋል።

ውኃችንም አንድ ነው። ድሬዳዋ ውኃ በተራ እንደሚመጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሲመጣ የኔ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ፣ ያው ጥቁሩ የፕላስቲክ ጋን፣ ይሞላል። የሷ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ሮቶ አይችልም። ከኔ ጣሪያ አንድ ቧንቧ ይወርድና ግንቡ ሥር ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደኔ፣ አንዱ ወደሷ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ኖረ፤ ማንም ስለሱ አስቦ አያውቅም። ደህና የሚሠራ ነገር እንደ ደህና ሚስት ነው፤ እስኪጎድል አይታይም።

ታዲያ የኛ ከተማ ውኃ ኖራ አለበት። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ሠርቶ የሚቀመጠው እሱ ነው። ቧንቧውንም ቀስ በቀስ አንቆ አንቆ አንድ ቀን አፈነዳው። ቧንቧ ሠራተኛ መጣ፣ የፈነዳውን ቆርጦ አዲስ ቀጠለ፤ ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበት ላይ ሁለት መዘውር ገጠመ፤ አንዱን በኔ በኩል፣ አንዱን በሷ በኩል። እነሱ ሳራቺኒስካ ይሉታል፤ እኔ መዘውር ይበቃኛል። «እንደፈለጋችሁ አስተካክሉት» ብሎን ሄደ። ሰው ለሰው ከሚሰጠው ምክር ሁሉ አደገኛው ይሄ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ልክ የሚባል ነገር ጠፋ። የኔ ቧንቧ አንዴ እንደ ሽማግሌ ይንጠባጠባል፣ አንዴ ባልዲ ይገለብጣል። አዴ ዘሃራን ስለሷ ቧንቧ ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «አልሃምዱሊላህ፣ ይበቃኛል።»

የሷ ልጅ ሪድዋን ግን እንደ እናቱ አይደለም። ሪድዋን አይሱዙ ይነዳል፣ ሲናገርም እንደሚነዳው ነው፣ ፍሬን የለውም። አንድ ጠዋት በበሩ ጎንበስ ብሎ ገባና «አባ፣ ሰላም አደርክ? ለእናቴ የራሷን ሮቶ ላመጣላት ነው» አለኝ።

«ደግ ነው» አልኩት። «የት ታስቀምጠዋለህ?»

ዞሮ በሩን አየ። እኔም አየሁት። ግቢዋ ጠባብ ነው፤ አንድ ጎን ማድ ቤት፣ አንድ ጎን መኝታ፣ አንድ ጎን የመንገዱ በር። ሮቶ የሚያህል ነገር የሚቆምበት ደልዳላ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ፊት።

«በዙሪያው ትመጣላችሁ አባ። ሩቅ አይደለም» አለኝ።

ሩቅ አይደለም። ለሱ ጉልበት ሩቅ አይደለም። «መቼ ነው?» ብለው «በሚቀጥለው ሳምንት፣ መኪናው ባዶ ሲመለስ» አለ። ያን ቀን ምሳ በበሩ በኩል ሲመጣልኝ ሩዙን እያየሁ «አንተ ሩዝ፣ በመንገዱ ብትዞር ሳትቀዘቅዝ ትደርስ ይሆን?» አልኩት።

እንግዲህ ማስተካከሉን ተያያዝኩት። እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። ፊደል አውቃለሁ፤ ፊደሉ ነው እኔን ብዙ የማያውቀኝ። ሚዛን ግን የኔ ነገር ነው። ኪሎ ሲሉኝ በግምት እዘግናለሁ፤ ሳህኑ ወደታች ካለ አንድ ራስ አነሣለሁ፣ ወደላይ ካለ አንድ ትንሽ እጨምራለሁ፤ ሲቆም አቆማለሁ። ለቧንቧም ይኸው ነው ብዬ የኔን መዘውር ትንሽ ከፈትኩ። የኔ ውኃ ጥሩ መጣ። ጎንበስ ብዬ አልፌ የሷን ባየው ቀጥኗል። የሷን ከፈትኩ። ተመልሼ የኔን ባየው ሞቷል። የኔን ጨመርኩ፣ የሷ ሞተ። በዚያች ቀዳዳ ስመላለስ ወገቤ ቀና ማለት ረሳ። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ይሸሹኝ ነበር፤ ኋላ ከራሳቸው ወገን ቆጥረው ተዉኝ።

ቀፊራ እንዲህ ያለ ሚዛን አይቼ አላውቅም። ሽንኩርት እዚህ ስትጨምር የሌላ ነጋዴ ሚዛን ላይ ካለው ድንች የሚቀንስ ሚዛን አስቡ።

ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ምህንድስና። ከትምህርት ስትመጣ ግንቡ ሥር ተቀምጬ አገኘችኝ።

«አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ነገርኳት። ትስቃለች ስል ዓይኗ በራ። ያቺ ልጅ የሌላ ሰው ችግር ስታይ እንደ ስጦታ ነው የምትፈታው።

«የማይታወቁት ሁለት ናቸው» አለች። «ያንተ መዘውር ምን ያህል ይከፈት፣ የሷ ምን ያህል ይከፈት። የምንፈልገውም ሁለት ነው። ሁለት እኩልታ አለን ማለት ነው።»

«ለምን ሁለት ይሆናል? አንድ ነው የምፈልገው። የኔና የሷ እኩል ይሁን፣ በቃ።»

«እሱ ቀላል ነው። ሁለቱንም ዝጋቸው። እኩል ነው።»

ለካ የሚፈልጉትን በደንብ መናገርም ትምህርት ነው።

«እሺ» አልኩ፣ «የኔም ባልዲ ደህና ይሙላ፣ የሷም ደህና ይሙላ። እንግዲህ አስዪው።»

«ቀጥታ የሚሰላ አይደለም አባባ። መዘውሩን እጥፍ ብትከፍት ውኃው እጥፍ አይሆንም።»

ይሄ ገባኝ። «ሻይ ውስጥ ስኳሩን እጥፍ ብታደርጊው እጥፍ አይጣፍጥም፤ ወደ ማቅለሽለሽ ነው የሚሄደው።»

«አዎ። በዚያ ላይ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። እንዲህ ያለውን በአንድ ጊዜ የሚፈታ መንገድ የለም። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ምን መሰለህ፣ ይገምታል።»

ያን ጊዜ ነው የሻይ ብርጭቆዬን ያስቀመጥኩት።

«ይገምታል?»

«ይገምታል። ከዚያ ምን ያህል እንደተሳሳተ ያያል። ከስህተቱ ተነሥቶ የተሻለ ይገምታል። እንደገና ያያል፣ እንደገና ያርማል።»

«ካልተሳሳተስ?»

«ካልተሳሳተ ይቆማል።»

«ከየት ነው የሚጀምረው?»

«አንተ ከሰጠኸው ቦታ።»

«መጥፎ ቦታ ብሰጠውስ?»

«ይጠፋል። ወይም የማይረባ መልስ ይዞ ይመጣል።»

«እንደ ሰው ነዋ» አልኩ። ጥያቄው አላልቅ አለኝ። ስህተቱን ሲያይ ያፍራል ወይ? መልሱን አልፎት ቢሄድ ማን ይመልሰዋል? ሰሚራ እየሳቀች መለሰችልኝ። አንዳንዱን ግን «እሱን እኔም አላውቅ አባባ» አለች። ይህን የምትል የተማረች ልጅ ስላለችኝ ኮራሁ።

ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ ነገር ጻፈችበት። «አሁን ያለውን ስህተት እንንገረው» ብላ በቀዳዳው ጮኸች፤ «አዴ ዘሃራ፣ ባልዲሽ ምን ያህል ይጎድላል?»

«ምንም አልጎደለኝ የኔ ልጅ፣ አልሃምዱሊላህ» የሚል ድምፅ መጣ።

ወደኔ ዞረች። «ያንተስ አባባ?»

አሁን እኔ እውነት በመናገር የምታወቅ ሰው ነኝ። ቀፊራ «ሽንኩርትህ በስብሷል ወይ?» ሲሉኝ «ከሥር ያለው በስብሷል» የምል ነበርኩ። ግን አንዲት ባልቴት ምንም አልጎደለኝም እያለች እኔ ወንዱ፣ ሮቶው ጣሪያዬ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ጎደለኝ ልበል? «ሞልቶ ይፈሳል» አልኳት።

ሰሚራ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችው። ወዲያው መለሰ።

«ምን አለ?»

«ተፈትቷል አለ። እንዳለ ተዉት።»

ተናደድኩ። እንዳለማ ቢተው እኔ ምን ልሠራ ግንብ ሥር ተቀመጥኩ? «ይሄ ዕቃሽ ሰነፍ ነው» ብያት ሄጄ ተኛሁ። ከቀትር በኋላ ድሬ ላይ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀፊራ ልሄድ ስወጣ ከአዴ ዘሃራ የመንገድ በር የአህያ ጋሪ ይወጣል። ጋሪው ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ባዶ ናቸው። ጋሪ ነጂው አህያውን አቁሞ «አባ፣ አንተስ ውኃ አትፈልግም?» አለኝ። «አዴ ዘሃራ እንኳ ሁሌ ነው የምትወስደው።»

ቆምኩ። ቀፊራን ትቼ ተመለስኩና በቀዳዳው ገባሁ። ማድ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ከጀሪካን ወደ ድስት ትቀዳለች። ስታየኝ ጀሪካኑን በቀሚሷ ልትጋርደው ሞከረች። ጀሪካን በቀሚስ አይጋረድም።

«ይበቃኛል ብለሽ አልነበር?»

«አቦ፣ አንተ ደግሞ። ምን ልበል? ሮቶው ያንተ፣ ጣሪያው ያንተ። ባንተ ውኃ ላይ ላማርር?»

«ልጅሽ በሩን ሊዘጋብን ነው እኮ።»

«እሱን እኔ ልኬዋለሁ? ጋሪውን አይቶ ነው።» ድስቱን አስቀመጠች። «ደግሞ አንተ ምን ትናገራለህ? ሞልቶ ይፈሳል ስትል አልሰማሁህም መሰለህ? ጠዋት ጠዋት ቧንቧህ ሥር ጣሳ ይዘህ ያአላህ ስትል እየሰማሁ ነው የምነቃው።»

ለካ ኮምፒውተሩ ሰነፍ አልነበረም። ሁለት ሽማግሎች ስህተት የለም አሉት፤ አመናቸው። ስህተቱን የደበቁበት ገማች ከየት ተነሥቶ ወዴት ይታረማል? ሰሚራን በቀዳዳው ጠርቼ ይህን ስነግራት «ውሸት የነገራችሁት ለኮምፒውተር ነው?» አለች።

«ለጎረቤት ነው» አለች አዴ ዘሃራ። «ኮምፒውተሩ መሐል ገባ።»

ከዚያ በኋላ አፍ አልታመነም። ሁለት አንድ ዓይነት ባልዲ ተገኘ፤ አንዱ በኔ ቧንቧ ሥር፣ አንዱ በሷ። ሰሚራ ቀዳዳው ላይ ቆማ «ክፈቱ» ትላለች፣ «ዝጉ» ትላለች፣ የሁለቱንም ከፍታ በእንጨት ትለካለች። ከዚያ የኔን መዘውር ብቻ ትንሽ ነካች፤ ሁለቱም ባልዲ እንዴት እንደተለወጠ አየች። ወደነበረበት መለሰችውና የአዴ ዘሃራን ብቻ ነካች፤ እንደገና አየች። የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ታየኝ። እኔ አንዱን ሳዞር የራሴን ብቻ ነበር የማየው። እሷ አንዱን አዙራ ሁለቱን ታያለች። ማን ማንን ምን ያህል እንደሚጎዳ ካወቀች በኋላ ነው ሁለቱንም አንድ ላይ የምታርመው።

ኮምፒውተሩ መልሱን አወጣ። ሰሚራ አየችውና ፊቷ ተኮሳተረ።

«ምን አለ?»

«ያንተን ከመዘጋት በላይ ዝጋው ይላል።»

«ከመዘጋት በላይ እንዴት ይዘጋል?»

«አይዘጋም። ወረቀት ላይ ነው የሚሆነው። መነሻችን ሩቅ ነበር፣ ርምጃው በዛ። ወዴት እንደምንሄድ ነግሮናል፤ ግማሹን ብቻ እንሂድና እንደገና እንለካ።»

እዚህ ላይ እንግዲህ ግትርነቴ መጣ። ገምት ብዬ የለመንኩት ዕቃ ገምቶ ሲነግረኝ በግማሽ ልታዘዘው? ሰሚራ እንጨቷን ልታመጣ ዞር ስትል ፒንሳ አነሣሁ። መዘውሩን እስኪዘጋ አዞርኩት። ተዘጋ። ከመዘጋት በላይ ደግሞ አዞርኩት። «ቀጭ» አለ።

ውኃ ወደ ላይ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው። የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ አላህ ያርቅልን እንጂ ግቢያችን የራሱን ወንዝ አገኘ፤ ወንዙም በቀዳዳው አልፎ የአዴ ዘሃራን በሰሌን የተሰጣ በርበሬ አነሣው። በርበሬው ቀይ ሆኖ በግቢው እየዞረ ሲንሳፈፍ ዶሮዎቹ አጥር ላይ ወጥተው ያያሉ። አዴ ዘሃራ ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ቆመች፤ አላማረረችም።

«አሁንስ ውኃው በቃሽ?» አልኳት፣ ፊቴን እየጠረግሁ።

«አልሃምዱሊላህ» አለች።

ቧንቧ ሠራተኛው ተመልሶ መጣ። መዘውሩን ነቅሎ ዓይቶ «ይሄን በፒንሳ የነካ ማነው?» ሲል ሰሚራን አየኋት። እሷ ሰማዩን አየች። ደግ ልጅ ናት።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ከቅርብ ጀመርን። ትንሽ ነክቶ መለካት፣ ማስላት፣ ግማሹን መሄድ፣ እንደገና መለካት። ሁለተኛ እንዳልነካው ፒንሳው አዴ ዘሃራ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ስህተቱ ሲያንስ ዓይኔ አየ። ልክ የራቀ ሰው በመንገድ ሲመጣ እንደማየት ነው፤ መጀመሪያ ነጥብ፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ የምታውቀው ሰው። አንዴ ብቻ ስህተቱ እንደገና ሰፋ፤ ሮቶው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ሲጎድል ውኃው ጉልበት ያጣል። ያን ጊዜ እስኪሞላ ጠብቀን እንደገና ጀመርን።

በመጨረሻ የሁለቱ ባልዲ ልዩነት አንዲት ጣሳ የማትሞላ ሆነች።

«እንቁም?» አለች ሰሚራ።

«ገና ጎድሏል እኮ፣ ትንሽ» አልኩ።

«መቼም ዜሮ አይሆንም አባባ። የምንችለው ያህል ሲያንስ ነው የሚቆመው።»

«የምንችለው ስንት እንደሆነ ማን ይነግረዋል?»

«እሱን ኮምፒውተሩ አያውቅም። እናንተ ናችሁ የምትነግሩት።»

አዴ ዘሃራና እኔ ተያየን። ስንት ዓመት በአንድ ቀዳዳ ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ተጠያይቀን አናውቅም። እሷ ጣሳዋን አነሣች፣ ገለበጠቻት፣ አሰበች። «ግማሽ ጣሳ ቢጎድል እችላለሁ» አለች። «ከዚያ በላይ ግን አልችልም።» ሲወጣት ራሷም ደነገጠች።

መዘውሮቹ የቆሙበትን ሰሚራ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችባቸው። ቀይ ነው። ቧንቧችን ለሠርግ የተዘጋጀ ይመስላል።

ሪድዋን በማግስቱ መጣ። አይሱዙው ላይ ሮቶው ቆሟል፤ አዲስ፣ ጥቁር፣ በሩን ለመድፈን የተሠራ የሚመስል። ሪድዋን ወርዶ ግቢው መሐል ሲቆም ሁለቱን ባልዲ አሳየነው። ሁለቱም ቧንቧ ተከፈተ። እሱ እናቱን እንጂ ባልዲውን አላየም።

«እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይበቃሻል?»

ይበቃኛል ካለች አያምናትም፤ ሁሌ የምትለው እሱን ነው። ሌላ ነገር ካለች ደግሞ ሮቶው ይወርዳል። አዴ ዘሃራ ባልዲዋ ላይ ጎንበስ አለች፣ ጣሳዋን ነክራ አየችና ቀና አለች።

«አነሰኝ» አለች።

«እኮ» አለ ሪድዋን፣ ወደ መኪናው ዞሮ።

«ወዴት ነው? አንተን ማን አናገረህ? ለሱ ነው የነገርኩት።» ወደኔ ዞረች። «ዛሬ ጉድለቱ ከግማሽ ጣሳ አልፏል። ና ነካ አድርገው፣ ትንሽ። በእጅህ።»

ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ነካ አደረግሁት። ተመልሼ የኔን አየሁ፣ ደህና ነው። «አሁንስ?» አልኩ በቀዳዳው።

«ትንሽ ቀረው።»

«አሁንስ?»

«ተወው፣ እችለዋለሁ።»

ሪድዋን ቆሞ ያየናል። እናቱ አነሰኝ ስትል ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ነው። «ሮቶውንስ ምን ላድርገው?» አለ። «የኔ ጣሪያ ጠንካራ ነው» አልኩት። አሁን ጣሪያዬ ላይ ሁለት ሮቶ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰሚራ «የማይታወቀው ጨመረ እኮ አባባ» ብላ ደስ አላት።

ኖራው ሥራውን አላቆመም። ቧንቧው ቀስ እያለ ይጠባል፣ ልኩም ቀስ እያለ ከቀዩ ምልክት ይሸሻል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው አድርጌ እቀመጣለሁ። «አንተ፣ አነሰኝ» ስትል እሰማለሁ፤ ተነሥቼ ነካ አደርጋለሁ። አንዳንድ ጠዋት ምንም አትልም። ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ አልፌ ባልዲዋን አያለሁ።